ጓዝና ጉዞ በጋይንት መንገድ

የአንድ ዘመቻ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው የተደረሰበት ቦታ ነው። የውጊያው ቀን፣ የአሸናፊው ስም፣ የተማረከው ዕቃ ብዛት በብራናና በወረቀት ሰፍሮ ይገኛል። ያ ሠራዊት ከተነሣበት እስከ ደረሰበት ድረስ ምን በልቶ፣ በምን ተጠልሎ፣ ዕቃውንስ እንዴት አስሮና በማን ጀርባ ጭኖ እንደ ተጓዘ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ብዙ ጉዞ የሚሰምረውም ሆነ የሚሰናከለው ገና ከደጅ ሳይወጣ፣ ጓዝ በሚሰናዳበት ሰዓት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል ይህንኑ ከረጅም ዘመን ልምድ የተቀሰመ እውነት ያስተምረናል።

ይህ ጽሑፍ የጓዝን ታሪክ በአንድ አካባቢና በአንድ መንገድ ላይ ለመመርመር ይሞክራል። አካባቢው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ነው፤ መንገዱም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት ደጋ አቋርጦ ወደ መቅደላ የሚያመራው ነው። መሠረታዊ ጥያቄያችንም፣ ጭነት ሲከፋፈል ድርሻው ለማን ይደርሳል? የሚል ይሆናል።

የምድሩ አቀማመጥ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የዚህ ምድር አናት ነው። ከጉና ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የጋይንት ደጋ ብርዳማ የገብስ አገር ሲሆን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትገኘው ነፋስ መውጫም የአየሩን ጠባይ በስሟ ትናገራለች። እስቴ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየዘቀዘቀ ይወርዳል። ስማዳም በደቡብ ዓባይ፣ በምሥራቅ በሽሎ ያዋስኑታል። በዚህ ምድር የአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ቆላ ሐሩር፣ ከቆላም እንደ ገና ወደ ደጋ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ለብርዱም ለሙቀቱም፣ ለዝናቡም ለውኃ ጥሙም የሚሆነውን አንድ ላይ መያዝ ይገባዋል፤ ገደሉ ግን ብዙ እንዲይዝ አይፈቅድለትም። የጭነት ጥበብ የተወለደው ከዚህ ተቃርኖ ነው።

የጭነት ጥበብ

የአገራችን ገበሬና የሲራራ ነጋዴ ይህን ተቃርኖ የፈታበት መንገድ በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም፤ በእጅና በዓይን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ሚዛን ነው። በበቅሎ ወይም በአህያ ጀርባ ላይ የሚወርደው ጭነት ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ወገን ከከበደ በሜዳ ላይ የማይታወቀው መዛነፍ በቁልቁለቱ ላይ ጭነቱን ወደ እንስሳው ሆድ ያዞረዋል። ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ እንስሳው አካል ይጠጋል፤ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። ከስሩ የሚነጠፈው መደላድል በአግባቡ ካልተዘጋጀ ጀርባው ይላጥና ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የሆነ እንስሳ ደግሞ በማግሥቱ አይጫንም፤ የእርሱ ድርሻ ለሌላው ይተርፋል። በመጨረሻም ሁሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው የቆዳው ገመድ፣ መጫኛው ነው። መጫኛ ሲጠብቅ ጭነቱ ከእንስሳው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ሲላላ ግን በየእርምጃው ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ጭነትም ከክብደቱ በላይ ያደክማል።

ሁለተኛው ሕግ የመያዣው ምርጫ ነው። አባቶቻችን እህሉን በስልቻና በአቁማዳ መያዛቸው ከእንጨት ሣጥን እጥረት ብቻ የመነጨ አልነበረም። ሣጥን ባዶውንም ሆነ ሙሉውን ያው ቦታ ይይዛል። ስልቻ ግን ስንቁ እያነሰ በሄደ ቁጥር እየተጠቀለለ ይሄዳል፤ የእንስሳውን ጎንም አይወጋም። ቅል ቀላልና ውኃ የማያፈስ ነው። በቆዳ የተለበጠው አገልግል ምግቡን ከአቧራና ከካፊያ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ሕግ አንድን ዕቃ ለሁለትና ለሦስት አገልግሎት ማዋል ነው። ጋቢው ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው። አጎዛው በኮርቻ ላይ ምቾት፣ በምድር ላይ ምንጣፍ ነው። ከሣር የሚሠራው ገሳ በመንገድ ላይ የዝናብ ካባ፣ በማደሪያም መጠለያ ነው።

አራተኛው ሕግ ስንቅን ይመለከታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭብጦ ክብደታቸው ከጥጋባቸው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ገብሱ በቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ሲሆን የሚያስፈልገው ውኃ ብቻ ነው፤ እንጨት መልቀም፣ እሳት ማንደድ፣ ድስት መሸከም ይቀራል። ድርቆሹም ውኃውን በቤት ጥሎ የተነሣ እንጀራ ነው። የቤቱ ሥራ የመንገዱን ሸክም አቀለለ ማለት ነው። ይህን ሥራ በወፍጮና በምጣድ ላይ ስትሠራ ያደረችው ደግሞ ሴቲቱ ነበረች። በመንገደኛው ትከሻ ላይ የቀነሰው ክብደት አስቀድሞ በእርሷ ክንድ ላይ ያለፈ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በጀርባ የተጫነ ከተማ

ከዚህ የገበሬ ጓዝ ወደ ነገሥታቱ ጓዝ ስንሻገር መጠኑ ይለወጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርን መቀመጫቸው ከማድረጋቸው በፊት ነገሥታቱ በአብዛኛው በድንኳን ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይተከል እንደ ነበር መስክሯል። እያንዳንዱ ሹምና ጭፍራ ድንኳኑን የሚተክልበትን ቦታ ከንጉሡ ድንኳን አንጻር ያውቀው ስለ ነበር ቦታ ፍለጋ ጊዜ አይባክንም።

ቋንቋችን የዚህን ሥርዓት ምስክርነት እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። ፊታውራሪው ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የሁለቱ ክንፎች መሪዎች፣ ደጃዝማችም የደጁ አዛዥ ነበሩ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ከነጋዴዎች ጉዞ የመነጨ ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ መሠረቱ የጦር ሰፈር መሆኑ ነው። ዛሬ የድንጋይና የሲሚንቶ ሕንፃ የምንጠራበት ስም ትናንት የሚታጠፍ ድንኳንና የሚጫን ጓዝ ይጠራበት ነበር።

ይሁን እንጂ የማዕረግ ስሞቹ የሚነግሩን ስለ አዛዦቹ ብቻ ነው። ወፍጮውንና መጁን፣ ምጣዱንና እንስራውን ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው ሠራዊቱን የሚያበሉት ሴቶችና አገልጋዮች በማዕረግ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ከተዋጊው የማያንስ ነበር። ለዚህ ሁሉ አፍ የሚሆነው እህልም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሠራዊቱ ካለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ነበር። የሠራዊቱ ስንቅ ያነሰውን ያህል የገበሬው ሸክም ይበዛ ነበር ማለት ነው።

የማይከፋፈለው ጭነት

በጋይንት ምድር ካለፉት ጭነቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ሴባስቶፖል ነው። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በዓለም ከተሰማው ከተማ ስያሜውን የወሰደው ይህ መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራ ሲሆን፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በሥራው እንደ ዋልድማየርና ዛልሙለር ያሉ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ሲሳተፉ፣ የኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅም አብሮ ደክሟል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያን ጊዜ ግዛታቸው ጠቦ፣ የበጌምድር ገበሬ በአብዛኛው አምጾባቸው ነበር። ወደ ኋላ የሚመለሱበት መቀመጫ ስላልተዉ ያላቸውን ሁሉ ይዘው ነበር የተነሡት፤ መድፎቹን፣ ባሩዱን፣ እስረኞቹን፣ ወታደሩን ከነቤተ ሰቡ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መስመር ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህንኑ ርቀት ለመጨረስ ግን ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ወሰደ። ሠራዊቱ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እህል በአቁማዳ ይከፈላል፤ ድንኳን በየመጋረጃው ይፈታል፤ ባሩድ በየቀንዱ ይከፋፈላል። 70 ኩንታል ሆኖ በአንድነት የቀለጠ ብረት ግን ለሁለት በቅሎ ቀርቶ ለሁለት መቶ በቅሎ አይከፈልም። ስለዚህ ለእንስሳት ሊከፋፈል ያልቻለው ጭነት ለሰው ተከፋፈለ። በሠረገላ ላይ ያረፈውን መድፍ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ አቀበቱን አወጡት፤ በቁልቁለቱም እንዳያመልጥ ወደ ኋላ እየጎተቱ አወረዱት። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረም ዓለቱ ተፈልጦ፣ ጉድባው ተሞልቶ መንገድ መሠራት ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በጨጨሆና በዘቢጥ አቀበትና ቁልቁለት፣ ከዚያም በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች የተሠራው ይህ መንገድ ሠረገላ ያለፈበት፣ በዘመኑ ታላቅ የነበረ የምሕንድስና ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተመልካች ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ አለበት። አንደኛው፣ ዘመናዊ መሣሪያ በአገር ውስጥ ለመሥራትና የተራራውን አገር በመንገድ ለማገናኘት የነበረው ራእይ ታላቅነት ነው። ሁለተኛው፣ ያ ራእይ በማን ጀርባ እንደ ተጫነ ነው። ሠራዊቱ ይመገብ የነበረው ከዚያው ካመጸው ሕዝብ በተዘረፈ እህል ነበር። ዝርፊያው አመፁን አበረታ፤ አመፁ የስንቁን ምንጭ አደረቀ፤ የስንቅ ማጣት ደግሞ ዳግም ዝርፊያን አስከተለ። ከፊት የሚጎተተው መድፍ ጉዞውን ባዘገየው መጠን ሠራዊቱ በአንድ አገር ላይ የሚቆይበት ቀን ይረዝማል፤ የገበሬውም ጎተራ በዚያው ልክ ይራቆታል።

የባላጋራው ጓዝ

በዚያው ዓመት ከጥር ወር ጀምሮ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ የባሕር ጠረፍ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። የዘመቻው ጓዝ እጅግ ግዙፍ ነበር፤ 13 ሺህ የሚያህል ወታደር፣ ከዚህ እጥፍ የሚሆን ተከታይ፣ ከ40 ሺህ የሚበልጡ እንስሳት፣ ከእነዚህም ውስጥ 44 ዝሆኖች፣ በጠረፉም ላይ አጭር የባቡር ሐዲድ። ይህ ሁሉ ሀብት ግን በመጀመሪያ ከውድቀት አላዳነውም። በዙላ የወረዱት በቅሎዎች ያለ በቂ ጠባቂና ያለ በቂ ውኃ ቀርተው ብዙዎቹ በጥምና በበሽታ አለቁ። በቅሎን ያለ ጫኚ መግዛት ትርፉ ሬሳ መሆኑን የዙላ ጠረፍ አሳየ።

ናፒየር ከዚህ በኋላ ያደረገው ጓዙን በየደረጃው መቀነስ ነበር። በየጣቢያው ወታደርና ዕቃ እየተወ፣ ድንኳኑንና የግል ሻንጣውን እያሳነሰ፣ ከጠቅላላው ኃይል ጥቂቱን ክፍል ብቻ ይዞ ወደ ፊት ገፋ። ለተራራ ውጊያ ያመጣቸው ትንንሽ መድፎች እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለ ነበሩ አንዱ መድፍ በአንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ ይወጣ ነበር፤ መንኮራኩሩና ጥይቱ በሌሎች በቅሎዎች ይከተላል። ከዚህ የከበዱት በዝሆን ተጫኑ። በየመንገዱም እህልና ማጓጓዣ እንስሳ ከሕዝቡ በማርያ ቴሬዛ ብር ይገዛ ነበር። በዚህ አኳኋን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ ሦስት ወር ሳይሞላ ተፈጸመ።

የታሪክ ምፀት ደግሞ እዚህ ላይ ይታያል። ናፒየር ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው ለሴባስቶፖል ሲባል የተሠራው መንገድ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወዙን ያፈሰሰበት መንገድ ለባላጋራው መረማመጃ ሆነ። ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ በተደረገው ውጊያ 700 የሚያህሉ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ፣ ያ ሁሉ የተደከመበት ታላቅ መድፍ የውጊያውን ውጤት ሊለውጥ አልቻለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተሰበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

አሸናፊው ሲመለስ የጫነው ጓዝ ሌላ ነበር። ከመቅደላ የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውዶችና ንዋየ ቅድሳት ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚያህሉ በቅሎዎች ተሰለፉ፤ በዚያም ሐራጅ ተደረገባቸው። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ከዚሁ ጋር ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አረፈ። ድንኳኑንና ሻንጣውን እየጣለ የመጣው ጦር ሲመለስ የሰው አገር ቅርስ የሚጭንበት ጀርባ አላጣም።

ከኮርቻ ወደ ብስክሌት

የጭነት ሕግ በቅሎ በመንኮራኩር ሲተካ አልተሻረም። ከ1884 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. ዓለምን በብስክሌት በመዞር የመጀመሪያው የሆነው ቶማስ ስቲቨንስ የያዘው ጓዝ ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ ሽጉጥና አንድ የዝናብ ካፖርት ነበር፤ ካፖርቱም ድንኳንና መኝታ ሆኖ ያገለግለው ነበር። የጋይንቱ እረኛ ስለ ገሳው የሚያውቀውን ስቲቨንስ ስለ ካፖርቱ አወቀ ማለት ነው። ዛሬም ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን በብስክሌት ጭኖ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው የሚከተለው የበቅሎ ጫኚውን ሕግ ነው። ሁለቱን ከረጢቶች በግራና በቀኝ እኩል ያንጠለጥላል፤ ከባዱን ወደ ታችና ወደ ጎማው ማዕከል ያስጠጋል፤ ድንኳኑን ማታ መጀመሪያ ስለሚፈልገው ከላይ ያስረዋል፤ የዝናብ ልብሱን እጁ ከሚደርስበት ያኖራል፤ የሚወዛወዝ ነገር አይተውም። ያልተመዛዘነ ጭነት በቁልቁለት ላይ የብስክሌቱን መሪ ያንቀጠቅጠዋል፤ በአቀበቱም እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ በጉልበት ይከፈላል።

ብስክሌት የብዙኃን ኃይል መሸከሚያ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚሠራ የቬትናም ሕዝብ በ1954 እ.ኤ.አ. በዲየን ቢየን ፉ አሳይቷል። 20 ሺህ የሚያህሉ ብስክሌቶች በቀርከሃ ተጠናክረው፣ እያንዳንዳቸው ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሩዝና ጥይት ተጭነው፣ በሰው እጅ እየተገፉ ተራራውን አቋረጡ። መድፎቹንም ሰዎች በገመድ ጎትተው ወደ ተራራው አወጧቸው። የዲየን ቢየን ፉ መድፍ ጎታች የጋይንትን መድፍ ጎታች ቢያገኘው ኖሮ ያለ አስተርጓሚ ይግባባ ነበር። የሚለያያቸው ግን አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ አንደኛው የሚጎትተው ከጀርባው ስንቅ የሚልክለት ሕዝብ ኖሮት ነው፤ ሁለተኛው የሚጎትተው ጎተራው በተራቆተ አገር መካከል ነበር።

በጋይንት በኩል የሚያልፈው የዘመናችን አውራ ጎዳና፣ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቻይና ርዳታ የተሠራ ነው። እስከ ዋድላ ድረስ አቅጣጫው የሴባስቶፖልን ጉዞ ብዙ ይመስላል። ከጎዳናው ወደ ደቡብ፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ገደሎች ሲገቡ ግን የአህያና የበቅሎ ጀርባ ዛሬም ሥራውን አልፈታም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እንደ ታየው፣ በእንዲህ ያለ አገር እህል ከጎዳናው ዳር እስከ ችግረኛው ደጅ ያለው የመጨረሻው መንገድ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ማጠቃለያ

የሴባስቶፖል ምስል ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ሠዓሊዎቻችንና ጸሐፌ ተውኔቶቻችንም ንጉሡንና መድፉን ደጋግመው አቅርበውልናል፤ ይህም ተገቢ ነው። ጠፍሩን የያዘው እጅ፣ ወፍጮውን የተሸከመችው ሴት፣ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ግን ገና በቂ ቦታ አላገኙም። መምህራን በየትምህርት ቤታቸው አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎችን ስለ መጫኛ አስተሳሰር፣ ስለ መደላድል አሠራር፣ ስለ ሲራራ ማደሪያዎች ቢጠይቁና ተማሪዎቻቸውን ቢያስጽፉ፣ ቃላቱ ከነትርጉማቸው ሳይጠፉ ሊሰበሰቡ ይችላሉ። የባህል ሠራተኞችም ከዘውዱና ከጎራዴው ጎን ለስልቻው፣ ለገሳውና ለአገልግሉ በየቤተ መዘክሩ መደርደሪያ ሊያዘጋጁላቸው ይገባል። ሕዝብን ለሥራ የሚያሰልፍ ካድሬም ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ፤ ታላቅ ዓላማ ታላቅ ሸክም ነውና፣ ከመነሣቱ በፊት ሸክሙ እንዴት እንደሚከፋፈልና ስንቁ ከማን ጎተራ እንደሚወጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። በጋይንት አቀበት ላይ ይህን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ አልነበረም፤ መልሱን ግን ገበሬው በጎተራው፣ ወታደሩም በትከሻው ከፈሉት።